ካርዳችሁን ሌላ ሰው ካነበበው፣ ጥናቱን እናንተ አንብቡት



ዛሬ ስለ ጉንፋንም፣ ስለ ክትባትም፣ ስለ ደም ግፊትም አይደለም። ዛሬ ስለ ካርዳችሁ ነው። ደብረ ብርሃን ስትታከሙ የወጣላችሁ ወይም አንኮበር ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ያለው ካርድ። ስማችሁ፣ ዕድሜያችሁ፣ ቀበሌያችሁ፣ ስንት ጊዜ እንዳረገዛችሁ፣ ስንት ልጅ እንደሞተባችሁ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራችሁ ውጤት፣ አንዳንዴም ለባላችሁ እንኳ ያልነገራችሁት ነገር የተጻፈበት ካርድ።

ያን ካርድ ከሚያክማችሁ ሰው ሌላ ማን ያነበዋል? አይነበብብኝ ማለትስ ይቻላል? በዓለም ላይ "የእኔን መረጃ አውጡልኝ" ያሉ ሚሊዮኖች አሉ፤ ለምን እንዲህ እንዳሉ ያጠኑ ተመራማሪዎችም አሉ። እነሱ ያገኙትን እናንተ አንብባችሁታል? አላነበባችሁም። እኔ ደግሞ ማንበብ አለባችሁ እላለሁ፤ በነጻ፣ በአማርኛ፣ በምትታከሙበት ቦታ። ይህ እስካልሆነ ድረስ "ተስማምቻለሁ" ብለን የምናስፈርማችሁ ወረቀት ከወረቀትነት አያልፍም።

በመጀመሪያ ነገሩን እንለየው። ሁሉን በአንድ ላይ መጠርጠር ትክክል አይደለምና።

በየወሩ ከጤና ጣቢያው ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን የሚሄድ ሪፖርት አለ። ስንት እናት ወለደች፣ ስንት ሕፃን ተከተበ፣ ስንት ሰው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ጀመረ። ይህ ዲ ኤች አይ ኤስ ቱ በሚባለው ሥርዓት ገብቶ ጤና ሚኒስቴር የሚደርስ ቁጥር ነው፤ ስም የለበትም። በዚህ ማንም አይሥጋ። ኩፍኝ ወይም ኮሌራ ሲጠረጠርም ወዲያውኑ ለሚመለከተው ይነገራል። ይህን "የእኔን አታሳውቁ" ማለት አይቻልም፤ መቻልም የለበትም። የአንዱ ልጅ ኩፍኝ የጎረቤቱም ልጅ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤታችሁ መጥታ የምትሞላው የቤተሰብ ማህደር ነው፤ ብዙዎቻችሁ ፋሚሊ ፎልደር የምትሉት። በፊት ወረቀት ነበር፣ አሁን በብዙ ቦታ ወደ ታብሌት እየገባ ነው። እዚህ ላይ ስም አለ። የቤተሰቡ ሁሉ ነገር አለ። ሽንት ቤት አላችሁ ወይ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ትጠቀማላችሁ ወይ፣ ማን ታሟል። ለእናንተው አገልግሎት የተሰበሰበ ነው፤ ጠቃሚም ነው። ነገር ግን ወረቀት በነበረ ጊዜ ጤና ኬላው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ ነበር፤ ታብሌት ውስጥ ሲገባ ግን ከቀበሌው ይወጣል።

ሦስተኛው ጥናት ነው። ይህም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አጥኚው ፊት ለፊት መጥቶ፣ ዓላማውን አንብቦ፣ "ፈቃደኛ ነዎት?" ብሎ የሚያስፈርመው። ሌላው ማንም ሳይጠይቃችሁ የሚሠራው ነው። ተማሪው ወይም መምህሩ የጥናት ሐሳቡን ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ያቀርባል፤ ኮሚቴው ይፈቅዳል፤ ካርድ ክፍል ገብቶ ከአምስት ዓመት ወዲህ የወለዱ እናቶችን ካርድ አውጥቶ ወደ ቅጽ ይገለብጣል። ስም አይገለብጥም። ሕጋዊ ነው፤ በመላው ዓለም የሚሠራበት መንገድ ነው። ብዙ የምናውቀውም በዚህ መንገድ የተገኘ ነው። ግን ካርዷ የተነበበባት እናት አታውቅም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ? ካርድ ክፍል ውስጥ ዝምታ ፊርማ ነው።

አሁን ወደ ሰሜን ሸዋችን እንምጣ። በአንጎለላ ጠራ እና በቀወት ሸዋ ሮቢት ወረዳዎች "ብርሃን" የተባለ ትልቅ የጤናና የሕዝብ ክትትል ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ተቋቁሟል። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅና የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሳተፉበት ነው። 16 ቀበሌዎችን፣ ወደ 19 ሺህ የሚጠጋ ቤተሰብን፣ ከ77 ሺህ በላይ ሰውን ይዞ ተነስቷል። መረጃ ሰብሳቢዎቹ በየሦስት ወሩ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አረገዘ። እርጉዞችንና ሕፃናትን ደግሞ ለብቻ ይከታተላሉ። እኔ ይህን ጥናት የምደግፈው ነው። ገጠር የሞተ ጨቅላ ሳይቆጠር በሚቀበርበት አገር፣ እያንዳንዱን የሚቆጥር ሰው መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው።

የጥናቱ ጽሑፎች በእንግሊዝኛ በታወቁ መጽሔቶች ይወጣሉ። አንዳንዶቹን ኢንተርኔት ያለው ሰው ሁሉ ያለ ክፍያ ያወርዳቸዋል። ጥሩ። ግን ጫጫ ያለችው እናት፣ በየሦስት ወሩ በሯን የከፈተችው እናት፣ እንግሊዝኛ ታነባለች ወይ? የኢንተርኔቱ በር ክፍት ነው፤ ቋንቋው ግን ተቆልፏል።

የእኛን አገር ሰው ጽፎ ወስዶ ባሕር ማዶ ማንበብ እንግዲህ አዲስ አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1841 ጀምሮ፣ በካፒቴን ሃሪስ የተመራ የእንግሊዝ ልዑክ አንኮበር ተቀምጦ ነበር። ሐኪም ነበረው፣ የተፈጥሮ አጥኚ ነበረው። መጽሐፉ በ1844 ለንደን ታተመ። የአንኮበር ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን ያነበበ ይመስላችኋል? ያ ዘመን ዘመኑ ነበር እንበል። ዛሬስ?

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ፤ "አውጡኝ" ወዳሉት።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2014 የሁሉንም ሕመምተኛ መረጃ ከየሐኪሙ ሰብስበው በአንድ ቋት ለማኖር አቀዱ። ኬር ዶት ዴታ ይባል ነበር። አሠራሩ "አልፈልግም ካላላችሁ ፈቅዳችኋል" የሚል ነው። በየቤቱ ለ26 ሚሊዮን ያህል ቤተሰብ ወረቀት ተላከ። ወረቀቱ ግን ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተቀላቅሎ የተጣለው ተጥሎ፣ ቢቢሲ ባሠራው የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ ወረቀቱ እንደደረሰው የሚያስታውሰው ከሦስት አንድ እጅ እንኳ አልሞላም። መረጃው ለማን ይሰጣል? ለኢንሹራንስ ኩባንያ? ለመድኃኒት ነጋዴ? በግልጽ የሚመልስ ጠፋ። ሰው ተቆጣ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው አውጡኝ አለ። ፕሮጀክቱ መጀመሪያ ቆመ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ጭራሽ ተዘጋ። ትምህርት ሆነ ስትሉ በ2021 ያንኑ የመሰለ ዕቅድ በሌላ ስም መጣ፤ በአንድ ወር ውስጥ ብቻ ሌላ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ወጣ፤ ያም ተራዘመ። አውስትራሊያም በ2019 የሁሉንም ዜጋ የጤና ማህደር በኮምፒውተር ስትከፍት ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰው፣ ከአሥሩ አንዱ ማለት ነው፣ አልፈልግም ብሏል።

እነዚህ ሰዎች ሳይንስ የሚጠሉ አልነበሩም። ብዙዎቹ "ለሐኪሜ እሰጣለሁ፣ ለምርምርም እሰጣለሁ፤ ግን ማን እንደሚወስደው ንገሩኝ" የሚሉ ነበሩ። ከእንግሊዝ አንድ የምወደው ነገር አለ፤ ዛሬ ስንት ሰው ራሱን እንዳወጣ በየወሩ ለሕዝብ ይታተማል። በአካባቢ፣ በዕድሜ ተለይቶ፣ ማንም በነጻ ያየዋል። እምቢታውን አልደበቁትም።

"ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ለልጄ ተቅማጥ መድኃኒት ይሆናል?" የሚል አይጠፋም። ይሆናል። እንዲህ አስቡት። በአንድ ወረዳ ልጅ ሞቶ የተወለደባቸው እናቶች ሐዘኑ ስላቃጠላቸው "አልጠየቅም" ቢሉ፣ ጥናቱ የሚይዘው ልጃቸው የተረፈላቸውን ብቻ ነው። ከዚያ ሪፖርቱ "በዚህ ወረዳ ሞት ዝቅተኛ ነው" ይላል። አዋላጅ ሊጨመርላት የሚገባት ጤና ጣቢያ ሳይጨመርላት ትቀራለች። ስለዚህ ማን እምቢ እንዳለ፣ ለምንስ እንዳለ ማወቅ ከጥናቱ ያልተናነሰ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከተመረጡት ሴቶች 95 በመቶው ሲመልሱ ከወንዶቹ የመለሱት 86 በመቶ ናቸው። ሪፖርቱን ማንም በነጻ ማውረድ ይችላል፤ ይመስገኑ። ግን በዚያ 14 በመቶ ውስጥ ቤት ያልተገኘውም አለ፣ አልፈልግም ያለውም አለ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም።

በእኛው አገር እምቢታን በደንብ የሚያስረዳ ጥናት አለ። ዶ/ር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ነው። ወላይታ ውስጥ በባዶ እግር ከሚሄዱ ገበሬዎች ላይ የሚወጣውን የእግር እብጠት፣ እኛም ደጋ ላይ ዝሆኔ የምንለውን፣ በዘር ይተላለፍ እንደሆነ ለማጥናት ደም ከመውሰዳቸው በፊት አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። ሕዝቡን "ምን ያሠጋችኋል?" ብለው ጠየቁ። መልሱ የመርፌ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። መገለል ነበር። የታመመ ቤተሰብ ብቻ እየተመረጠ ከተጠራ፣ የዘር በሽታ ነው ከተባለ፣ ልጆቻችንን ማን ያገባቸዋል? አጥኚዎቹ ይህን ሰምተው የፈቃድ አጠያየቁን ከአካባቢው ሁኔታ ጋር እንዲስማማ አደረጉት። ሁለቱም ጽሑፎች በነጻ ይነበባሉ። ግን አሁንም በእንግሊዝኛ ነው። እያንዳንዱ የጤና ጥናት የሚሠራ ተማሪ ሊያነበው የሚገባውን ነገር፣ ባለቤቱ ሕዝብ አላነበበውም።

ሌሎቹ ጽሑፎች ደግሞ ነጻም አይደሉም። አንዷን ጽሑፍ ለማንበብ 30 ዶላር ከዚያም በላይ የሚጠይቁ መጽሔቶች ሞልተዋል። እኛ ሐኪሞች ሂናሪ የሚባል የዓለም ጤና ድርጅት መንገድ አለልን፤ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ተቋማት በነጻ ይከፍታል። ለተቋማት ነው ግን። የይለፍ ቃሉ ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሉ ጋ ነው። በሽተኛው ሰጪ እንጂ ተቀባይ አይደለም። የእናንተ መረጃ፣ የሕዝብ ገንዘብ፤ ውጤቱ የተቆለፈ። ይህን ነው አልቀበልም የምለው።

ሌላ ነገር ልጨምር፣ ይህ በተለይ ለእኛ አካባቢ ነው። "ስም አልወሰድንም" የሚለው ቃል ለንደን ላይ ይሠራ ይሆናል። አንኮበር ላይ ግን "የ34 ዓመት ሴት፣ የስድስት ልጆች እናት፣ ባሏ የሞተባት፣ የሚጥል በሽታ ያለባት፣ ከእንዲህ ያለ ቀበሌ" ብላችሁ ጻፉ እስቲ። ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ ስሟን ይነግራችኋል። በትንሽ ቀበሌ ውስጥ ዕድሜና የልጅ ቁጥር ራሱ ስም ነው። ስለዚህ ሰዎች "ይታወቅብኛል" ብለው ሲፈሩ ማይምነት ነው ብሎ የሚስቅ ባለሙያ፣ እሱ ነው ያልገባው።

ሕጉ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወታችሁን ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል አድርጎታል፤ የሰጣችሁትን ፈቃድ መልሳችሁ የመውሰድ መብትም ሰጥቷል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሐኪሞች በምንመራበት በሄልሲንኪ ድንጋጌም በጥናት የተሳተፈ ሰው ያለ ምንም ቅጣት መውጣት ይችላል፤ የጥናቱን ውጤት የማወቅ ዕድልም ሊሰጠው ይገባል። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ሁሉ፣ የመመረቂያ ጽሑፉም ጭምር፣ ለሁሉ ክፍት ይሁን ብሎ ፖሊሲ አውጥቷል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም የመንግሥት ነውና ይመለከተዋል። የጤና ካምፓሱ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ ተቋም፣ ከሕዝቡ ካርድ የጻፈውን ለሕዝቡ ቢመልስ ለስሙም የሚመጥን ነው።

ከሙያ ባልደረቦቼ የምሰማው ክርክር አለ። "እምቢ ማለት እንደሚቻል ከነገርናቸው ሁሉም እምቢ ይላሉ፤ ጥናት ይሞታል።" ይህ ክርክር በቅንነት የሚነሳ ነው፤ ግን ተፈትኖ ወድቋል። እንግሊዝ ውስጥ ሚሊዮኖች የወጡት ስለተነገራቸው አይደለም፤ ሳይነገራቸው ቆይቶ ከጋዜጣ ስለሰሙት ነው። እኛ አገር ደግሞ ጋዜጣም አያስፈልግም። አንድ ለቅሶ ቤት ይበቃል። "ደማችንን ወስደው ሸጡት" የሚል ወሬ አንድ ቀን ከተነሳ፣ በሚቀጥለው ወር ክትባት ልትሰጥ የመጣችውም ልጅ በር ይዘጋባታል። ወሬ የሚገባው እውነት ባልሞላው ቦታ ነው።

ሌላው ክርክር "ሕዝቡ ቢሰጠውም አይገባውም" ነው። ለዚህ ብዙ ቃል አላባክንም። የጤፍ ዘርን ከዘር ለይቶ የሚያውቅ፣ የመሬት ካሳ ሒሳብ ከባለሙያ ጋር የሚከራከር ገበሬ "ከመቶ እናቶች ይህን ያህሉ እምቢ አሉ፤ ምክንያታቸውም ይህ ነው" የሚል አንድ ገጽ አይገባውም ማለት ጸሐፊው መጻፍ አልቻለም ማለት ነው።

እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በዞናችን ጥናት የሚሠራ ሁሉ ሲጨርስ አንድ ገጽ በአማርኛ ይጻፍ። ምን ጠየቅን፣ ምን አገኘን፣ ስንት ሰው ተሳተፈ፣ ስንት ሰው አልፈልግም አለ፣ ለምን። ያ ገጽ ጥናቱ በተሠራበት ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ በጤና ኬላው ይነበብ። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎችም ያለዚያ ገጽ ጥናቱ አለቀ አይበሉ። ካርድ ክፍል በር ላይ ደግሞ "ካርድዎ ስምዎ ሳይጠቀስ ለጥናት ሊነበብ ይችላል፤ ካልፈለጉ እዚህ ይንገሩ" የሚል ማስታወቂያ ይኑር። ወረቀትና ማጣበቂያ ነው ወጪው።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? አትደንግጡ፣ ካርዳችሁንም አትደብቁ። ለሐኪም የምትነግሩትን አትቀንሱ፤ የተደበቀ በሽታ ሰው ይገድላል። እኔ ብጠየቅ ለአብዛኛው ጥናት እሺ እላለሁ፤ እናንተም እሺ ብትሉ ደስ ይለኛል። ግን ጠይቁ። አንድ ሰው ቅጽ ይዞ ሲመጣ "ይህ ለእኔ ሕክምና ነው ወይስ ለጥናት?" በሉት። "እምቢ ብል ሕክምናዬ ይጓደላል?" በሉት፤ መልሱ "አይጓደልም" መሆን አለበት፤ ካመነታ እዚያው አቁሙት። "መረጃዬ ከዚህ ወጥቶ ማን ጋ ይሄዳል?" በሉት። የልጃችሁ ከሆነ ደግሞ ልጁ ሲያድግ መረጃው ምን እንደሚሆን ጠይቁ፤ እሱ አልፈረመምና። በመጨረሻም "ውጤቱን የት አነበዋለሁ?" በሉት።

የመረጃ መስጫውን ቅጽ አንድ ቅጂ ለእናንተ እንዲተውላችሁ ጠይቁ። የአጥኚው ስልክና የሥነ ምግባር ኮሚቴው አድራሻ እላዩ ላይ አለ። ከከረመ በኋላ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ የምትደውሉት እዚያ ነው። ያልገባችሁ ነገር ካለ ቅጹን ይዛችሁ ወደምትታከሙበት ሐኪም ሂዱ፤ እኔ ጋም ከመጣችሁ ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን።